አህያው ሦስቴ የሞተበት ሳምንት

ቲቸርን በዚያ ሳምንት ያሳበዳት መነጽር ያደረገ አህያ ነው ቢባል ማን ያምናል? ግን እውነት ነው። እሱም የእውነት አህያ ቢሆን ደግ ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ አህያ!

ነገሩ የተጀመረው በቅን ልብ ነው። ቲቸር ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ተረት ትወዳለች፤ ልጆቹ ግን ከመጽሐፍ ስታነብላቸው ግማሾቹ ያዛጋሉ፣ ግማሾቹ ዴስክ ሥር ይገባሉ። "እንግዲያው ራሳቸው ይጻፉት!" ብላ ሌላ ከተማ ካለ ትምህርት ቤት አንድ ሁለተኛ ክፍል አፈላልጋ አገኘች። ሁለቱ ክፍሎች ኢንተርኔት ላይ አንድ የጋራ ገጽ ከፈቱ። አንድ ቀን እነዚህ ይጽፋሉ፣ በማግስቱ እነዚያ ካቆመበት ይቀጥላሉ። የእነዚህ ጽሑፍ በሰማያዊ፣ የእነዚያ በአረንጓዴ ይወጣል። አርብ ደግሞ ወላጆች በተገኙበት ሁለቱ ክፍሎች በቪዲዮ እየተያዩ ተረቱን ያነቡታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይኸው ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ሥራ የተፈቀደላት አንድ ኮምፒውተር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው፤ ኃላፊው ያለበትን ደግሞ እሱ የፈጠረው ይወቅ። በሩ ሲከፈት ኔትወርኩ ይጠፋል። ኔትወርኩ ሲመጣ አንዲት ክብ ነገር ስክሪኑ መሃል መሽከርከር ትጀምራለች፤ ሠላሳ ስድስት ልጅም አብሯት ይሽከረከራል። ርዕሰ መምህሯ በበኩሏ ቁርጡን ነግራታለች። "እስከ አርብ አየዋለሁ። የረባ ነገር ካልወጣው ኮምፒውተሩን ለስምንተኛ ክፍል እፈልገዋለሁ" ብላለች።

ቲቸር ይህን ሁሉ የቻለችው ለድምቡሼ ስትል ነበር። ድምቡሼ ስሙን ያወጡለት ጉንጮቹ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ "አንብብ" ሲባል ከንፈሩን ገጥሞ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ልጅ ነው። ስትለምነው፣ ስትቆጣው፣ ብስኩት ስትገዛለት፣ ወይ ፍንክች! ታዲያ ተረቱ ሲጀመር፣ ፀሐይን ሰርቆ ከረጢት ውስጥ የቋጠረውን ግዙፍ ሰው ፍለጋ ማን ይሂድ ሲባል፣ ይኸው ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። "አህያ ይሂድ። መነጽር ያደረገ። ስሙ ዶክተር ነው" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምቡሼ፣ እነዚያ ልጆች አህያውን ምን እንዳደረጉት ለማወቅ ሲል አረንጓዴውን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ፣ እየተንተባተበ ማንበብ ጀመረ። ቲቸር ቤቷ ገብታ በደስታ አለቀሰች። አርብ ዕለት በሁሉም ፊት የሚያነበው እሱ እንዲሆን ወሰነች።

ረቡዕ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ፤ ክቧ ተሽከርክራ ተሽከርክራ ቆመች፤ ገጹ መጣ። ድምቡሼ እንደ ልማዱ ከፊት ተቀምጦ አረንጓዴውን ማንበብ ጀመረ። "ወንዙ... ሞልቶ... ነበር። ዶክተር... ገባ። ዶክተር... ሞተ።"

ፊቱን አዞረና "ቲቸር፣ ሞተ ነው የሚለው?" ብሎ ጠየቃት።

ኧረ የዚያን ቀን ጩኸት! አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ "እኛም የእነሱን ልዕልት እንግደላት!" ይላል፣ ሌላው ኪቦርዱን ሊነጥቅ ይጋፋል። ድምቡሼ ብቻ ከንፈሩን እንደ ድሮው ገጠመ። ቲቸር ያንን ከንፈር ስታይ ቆሽቷ አረረ። "እኔ ስንት ወር የለፋሁበትን ልጅ!" አለች በሆዷ። ፈጠን ብላም በሰማያዊ ጻፈች፦ "ዶክተር ግን አልሞተም። ሩቅ አገር ሄዶ ነው። አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል።"

ልጆቹ አጨበጨቡ። ድምቡሼም ከንፈሩን ትንሽ ፈታ አደረገ።

ከእረፍት በኋላ ገጹን ብትከፍተው ሰማያዊው ጽሑፍ የለም። በቦታው አረንጓዴ ተቀምጧል፦ "አልሄደም። ሞቷል።"

"እንዴ!" አለች ቲቸር። ተራው የእኛ አይደል? ረቡዕ የማን ቀን ነው? አጠፋችውና የራሷን መለሰች። ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሳ ብታይ፣ "ውሸት ነው። ሞቷል።" እንደገና አጠፋች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ "ሞቷል። ሄዷል አትበሉ።" እሱንም ድራሹን አጠፋችው።

አሁን ደሟ ፈላ። ይህን የሚያደርገው ማን እንደሆነ ለእሷ ግልጽ ነበር፤ የዚያኛው ክፍል መምህር ነው። አይታው አታውቅም፤ መልእክት ሲጽፍላት ግን ነጥብና ሰረዙ ሁሉ በቦታው ስለሆነ በልቧ "አቶ ሥርዓት" ብላዋለች። ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ? ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር እልህ ይጋባል? "አህያ ወንዝ ሲገባ ይሞታል" ብሎ ሳይንስ ሊያስተምርባት ነው? ማታ ለባለቤቷ ስታወራ እሱም "ታዲያ አህያው በቃ ይሙታ፣ ምን አለበት?" ብሎ አረፈው። ኩርፊያው እስከ ጠዋት ዘለቀ።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብታ ስልኩን መታች። በር ላይ ቆማ የተለማመደችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችበት። "ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ይሄ ነገር ነውር ነው! የተማሪዎቼን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አጥፍተውብኛል። አንድ ልጅ አለኝ፣ በዚህ አህያ ምክንያት ነው ማንበብ የጀመረው። ነገ ወላጆቹ ፊት ምን ሊያነብ ነው? ምን አደረግንዎት?"

ከወዲያ በኩል የደከመ ድምፅ መጣ።

"እኔም እኮ ልደውልልዎት ነበር የኔ እመቤት፣ ተናድጄ። የእኔን ልጅ ጽሑፍ ማን ነው እየተነሳ የሚያጠፋው ብዬ።"

"የትኛው ልጅ?"

"አንዲት ተማሪ አለችኝ። በእረፍት ከሌሎቹ ጋር አትጫወትም፤ ኮምፒውተሩ ጋ ቁጭ ትላለች፣ እኔም እተዋታለሁ። የጻፈችው እሷ ናት፤ ሦስቱንም። እናቷ ሞታለች፤ አምስት ወር ሆነ። ዘመዶቿ ግን ትንሽ ናት፣ ትጎዳለች ብለው ሩቅ አገር ሄዳለች ነው የሚሏት። ተመልሳ ትመጣለች ይሏታል። እሷ አሳምራ ታውቃለች። ስትነግራቸው ዝም ያሰኟታል። ታዲያ የእርስዎን ጽሑፍ ስታይ..."

ቲቸር ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከጎኗ የሒሳቡ መምህር ደብተር ያርማል፤ ቀና ብሎ "ደህና ነሽ?" አላት።

"አለች እዚያ?" አለች ወደ ስልኩ።

ስልኩ እጅ ሲለውጥ ተሰማ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ፣ "አቤት?"

"የኔ ልጅ፣ እኔ የእነዚያኛዎቹ ልጆች መምህርት ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት የሚያጠፉት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ አላጠፋም።"

"ሞቷል እኮ" አለች ልጅቷ። "ወንዙ ሞልቶ ነበር።"

"ሞቷል" አለች ቲቸር። እንዲህ ያለች ቀላል ቃል ከአፍ ለማውጣት ይህን ያህል ትከብዳለች ብላ አታውቅም ነበር።

ስልኩን ዘግታ ወደ ክፍል ስትሄድ የተናደደችው በራሷ ነበር። ሦስት ጊዜ! አንዲት ሕፃን በዓለም ላይ እውነት የምትናገርበት አንድ ገጽ አግኝታ፣ እሷ ደግሞ ጣቷን ሰድዳ ድምጥማጡን ታጠፋለች። ደግነት መስሏት።

ልጆቹን አስቀመጠች። የሌላ ሰው ሐዘን ማውራት አልፈለገችምና የልጅቷን ነገር ሳታነሳ፣ "ስሙኝ። ትናንት ዶክተር ሩቅ አገር ሄዷል ብዬ ጽፌ ነበር። እንዳታዝኑ ብዬ ነው የዋሸሁት። ዶክተር ሞቷል። እነዚያ ልጆች የጻፉት ነው ልክ፤ እሱ ይቆያል፤ ያጠፋሁባቸው ‘ሄዷል አትበሉ’ የሚለውም ይመለሳል" አለች።

ጩኸት ጠብቃ ነበር። ድምቡሼ ብቻ እጁን አወጣ።

"ሩቅ አገር ሄደ ሲባል ሞተ ማለት ነው?"

"ሁልጊዜ አይደለም፣ የኔ ጌታ። ለምን ጠየቅከኝ?"

"አያቴን ሩቅ አገር ሄደ ነው ያለችኝ፣ እማዬ። አልጋውን አወጡት። ልብሱን ግን አልወሰደም።"

ቲቸር ወደ ዴስኩ ጠጋ አለች። ወላጆቹ ሲያስመዘግቡት አያቱ አብሮ ይኖር እንደነበር ታስታውሳለች፤ መሞቱን የነገራት ግን የለም። ምን ትበለው? አዎ ብትል የእናቱን ቦታ መውሰዷ ነው። አይ ብትል ዋሸሁ ባለች በደቂቃው ደግማ መዋሸቷ ነው። ሠላሳ አምስቱ ልጆች አፏን አፏን ያያሉ።

"እሱን እኔ አላውቅም" አለች በመጨረሻ። "የምታውቀው እናትህ ናት። ጠይቃት።"

"ጠይቄያታለሁ። ሄዷል ነው የምትለው።" ትንሽ አሰበና፣ "ነገ ያንን የመጨረሻውን እኔ ነኝ የማነበው?" አለ።

"ከፈለግህ።"

"እፈልጋለሁ።"

አርብ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ በወላጅ ጢም ብሎ ሞላ። ቁልፉ በሰዓቱ ተገኘ፣ ኔትወርኩም ለአመሉ ሁለቴ ብቻ ተቋረጠ። ርዕሰ መምህሯ ከኋላ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ስክሪኑ ላይ ከተረቱ ጎን የዚያኛው ክፍል ልጆች ተደርድረዋል፤ ከዳር አንዲት ቀጭን ልጅ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋለች።

ድምቡሼ ተነሳ። ወረቀት አልያዘም። ወንዙን አነበበ፤ ዶክተር ውሃው ውስጥ ሲገባ አነበበ፤ አልተንተባተበም። የመጨረሻዋ አረንጓዴ መስመር ላይ ሲደርስ ከስክሪኑ ዞረና ሁለተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠችውን እናቱን አያት።

"ሞቷል። ሄዷል አትበሉ" አለ።

ወላጆቹ ተረቱ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። እናቱ አላጨበጨበችም፤ አንገቷን ደፋች። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። ቲቸር "ጎበዝ፣ አሁን ቁጭ በል" ልትለው ብድግ አለች፤ ከዚያ ተወችው።

"ሞቷል" አለ ድምቡሼ ድጋሚ፣ እናቱን እያየ። "አይደል፣ እማዬ?"

እናቱ ቀና ብላ አየችው።

"አዎ ልጄ" አለችው።