የቡሬ የፊት እግር

ሚካኤልን! የማወራው ላይ አንዲት ፍሬ አልጨመርኩም። የዳባቱ ሰጠኝ ቡሬ የሚባል በሬ ነበረው። ሲያገሳ ደባርቅ ድረስ የመስኮት መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሊማሊሞ ላይ አንድ የጭነት መኪና ገደል አፋፍ ተንጠልጥሎ ሲቀር ብቻውን ስቦ ያወጣው እሱ ነው፤ ሾፌሩ ሰኮናውን ስሞ ነው የሄደው።

ዶክተር እሌኒ ዳባት አጠገብ ከሚቆፈረው ቦታ የወጣ የጥንት ከብት አጥንት ትለካለች። የትኛው የበሬ፣ የትኛው የላም እንደሆነ ለመለየት ግን ጾታው በእርግጥ የታወቀ የዛሬ ከብት እግር ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሰጠኝ የቡሬን የፊት እግር አጥንት ይዞ መጣ። እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ በጋውን ሙሉ እየተከፈለው ጊችና አምባራስ እየዞረ እንዲህ ያለ አጥንት የሚሰበስብላት እሱ ነው። ከሱ በፊት ይሰበስብላት የነበረውን ዘመነን ግን ወይፈኑን ጊደር ብሎ ስላስመዘገበ ባለፈው ሳምንት አሰናብታዋለች።

የሰጠኝ ሚስት ወለተ ሥላሴ ጥግ ላይ ተቀምጣ የጥንቱን አጥንት በጥርስ ብሩሽ ታጥባለች።

እሌኒ የብረት መለኪያዋን ከፈተች። የሰጠኝ ላብ ወርዶ ጫማውን ሞላው።

«ውፍረቱ ሃምሳ ሚሊ ሜትር» አለች።

«ብዙ ነው አይደል?»

«ጋሼ ሰጠኝ፣ የወንዱ ክብደት ፊት ላይ ስለሚያርፍ የፊት እግሩ አጥንት ወፈር ይላል። ይሄ ቀጭን ነው።»

«እስቲ ይድገሙት ዶክተርዬ፣ ብረቱ በርዶት እንዳይሆን።»

ደገመችው። ያው ሃምሳ።

«በድርቅ ዓመት ያደገ ነው እኮ!» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ደግሞ ያ መኪና እግሩን ስቦ አቅጥኖታል። ሲሚንቶ የጫነ፣ ከነተሳቢው!»

እሌኒ ወረቀቱ ላይ «ጾታ» ከሚለው ፊት ብዕሯን አሳረፈች፤ አልጻፈችም። ሰጠኝ የብዕሯን ጫፍ ብቻ ያያል። በጋው፣ ጊች፣ አምባራስ፣ ሁሉም እዚያች ጫፍ ላይ ናቸው።

«እትዬ ወለተ፣ እርስዎ በሬውን ያውቁታል?»

ሰጠኝ ከእሌኒ ጀርባ ሆኖ ሚስቱን በዓይኑ ተለማመጣት፤ በሁለት እጁም የቀንድ ርዝመት አሳያት።

ወለተ ሥላሴ ቀና አላለችም። የያዘችውን አጥንት ቀስ ብላ አገላበጠችው።

«ላም ነበረች፣ ልጄ። ዘጠኝ ዓመት ያለብኳት እኔ ነኝ። በሬ ኖሮንም አያውቅ። ሊማሊሞን እንኳን እሷ፣ ባሌም አላየው።»