ፀዳለ ያስተማረችው መውደቅ

ቲቸር ፀዳለን ያንገበገባት ሳቁ ነበር። እሷ በዚህኛው ክፍል «ፎል፣ ወደቀ፤ ራይዝ፣ ተነሣ» እያለች ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ፣ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ የአዲሷ መምህርት የሳዳ ዘጠነኛ ክፍሎች በሳቅ ይፈርሳሉ። ሳዳ ጫማዋን አውልቃ ዴስክ ላይ ትወጣለች አሉ፤ «ጃምፕ» ብላ ትዘላለች፤ «ስታምብል» ብላ ትደናቀፋለች፤ «ታምብል» ስትል ደግሞ ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ትንከባለላለች። ይሄ ማስተማር ነው ወይስ ሰርከስ?

ምን ይደረግ፣ ቀናች። የዋዛ ቅናት እንዳይመስላችሁ፤ እህል አላስበላ፣ እንቅልፍ አላስተኛ አላት። የሶማሊያው ጦርነት ካለቀ በኋላ ከናዝሬት ተመድባ ጅጅጋ ከገባች ጀምሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ የምታስተምረው እሷ ነበረች። በከተማው ማትሪክ ያለፈ ልጅ ሁሉ ስሟን ያነሣል። ታዲያ ትናንት ከኮሌጅ የወጣች የሰፈሩ ልጅ መጥታ ክፍሏን ትቀማት? ዳይሬክተሩ ጓድ ደሬሳ ሁለቱም እዚያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብተው በየተራ እንዲያስተምሩ፣ ክፍሉም ለበለጠችው እንደሚሰጥ ተናግረዋል።

«እትዬ ፀዳለ፣ ዴስክ ላይ መውጣት ከፈለጉ እኔ እደግፍዎታለሁ» አለቻት ሳዳ ከልቧ።

«ኧረ ገና አላረጀሁም!» አለች ፀዳለ።

ቀኑ ደረሰ። ሳዳ ቀድማ ዘለለች፣ ወደቀች፣ ተንከባለለች። የፀዳለ የገዛ ተማሪዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጓድ ደሬሳም መንጋጋቸው እስኪታይ ሳቁ። ሳዳ ላቧን ጠርጋ ከኋላ ተቀመጠች።

ፀዳለ በነጠላ ጠቅልላ ያመጣችውን ትልቅ የብረት ትሪ አንሥታ ወንበር ላይ ወጣች። የመረጠችው ቃል «ስዉፕ» ነበር፤ አሞራ ከሰማይ ድንገት ቁልቁል ሲወረወር የሚባለው። ከቀጭን ጀምሮ እየወፈረ የሚወርድ ረጅም ፉጨት አፏጨችና ትሪውን ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው።

የሳቀ የለም። ክፍሉ በሙሉ ዴስክ ሥር ገብቷል፤ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ፣ አፉን ከፍቶ።

«ግሩም ነው!» አሉ ጓድ ደሬሳ እያጨበጨቡ። እሳቸውም ከጦርነቱ በኋላ የመጡ ናቸው። «አንድም ያልገባው የለም! ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ጓድ ፀዳለ!»

ፀዳለ ፊቷ በራ። ግን ልጆቹ አልተነሡም። ከኋላ ሳዳ ራሷ ከወለሉ ላይ ተነሣች፤ ቀሚሷን እንኳ ሳታራግፍ በየዴስኩ ሥር እያጎነበሰች በሶማሊኛ ስማቸውን ትጠራ ጀመር። «አልቋል፣ አውሮፕላን የለም» ትላቸዋለች። ይህን ያህል ሶማሊኛ ፀዳለም ታውቃለች። ልጆቹ ከተማዋ በአውሮፕላን በምትደበደብበት በጦርነቱ ጊዜ ሕፃናት እንደነበሩ ያን ጊዜ ታወሳት።

ከወንበሩ ወርዳ ከፊት ዴስክ ሥር ወደተኮራመተችው ወደ ዋሪስ ሄደች። ዋሪስ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ጎበዝ ተማሪዋ ናት።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ምንም የለም» ብላ እጇን ዘረጋችላት።

ዋሪስ የፀዳለን እጅ አየችው። ከዚያ በእንብርክኳ በአጠገቧ አልፋ ሄዳ ሳዳ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀበረች።

ጓድ ደሬሳ አሁንም ያጨበጭባሉ። ክፍሉን ያሸነፈችው ፀዳለ እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ በዕድሜዋ እንደዚያን ሰዓት ቀንታ አታውቅም።