ከልጄ ያጠረው ጧፍ

ጧፉ ከልጄ ቁመት ማጠሩን ያወቅሁት ሰሙ ደርቆ፣ ድስቱ ታጥቦ፣ ጎረቤቴ አሪፋም ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ከጣሪያው ወራጅ አውርጄ በሩ መቃን ላይ ካለው የእርሳስ ምልክት ጋር አስጠጋሁት። አንድ ስንዝር ይጎድለዋል። ደግሜ ለካሁት። አሁንም ስንዝር ነው፤ ጧፉ በእኔ ድንጋጤ አላደገም።

ስሕተቱ ወዲያው ገባኝ። ክሩን በምልክቱ ልክ ለክቼ ቆረጥሁና ከዚያ በኋላ ገመድሁት። ክር ሲገመድ እንደሚያጥር በሰፈሩ የማያውቅ ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ፊዚክስም ተምሬአለሁ። የተማርሁት ግን ከፎቅ ስለሚወድቅ ድንጋይ ነበር። ያን ጊዜ በከተማችን በሮቢት ፎቅ እንኳ አልነበረም።

ነገሩ ስለት ነው። ልጄ ሳምራዊት ለትምህርት ደሴ ስትሄድ፣ ዓመቱን ጨርሳ በሰላም ከተመለሰችልኝ ለሰኔ ሚካኤል ቁመቷን የሚያህል ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ተሳልሁ። ሌላዋ እናት ጃንጥላ ትሳላለች፣ ሌላዋ ምንጣፍ። ጃንጥላ ስንዝር ጎደለው ተብሎ አይመለስም። እኔ ግን ልኬት ያለበት ነገር ካልተሳልሁ ስለት የተሳልሁ አይመስለኝም። በሄደችበት ጠዋት መቃኑ ሥር አቁሜ ከራሷ በላይ በእርሳስ አሰመርሁ።

ባሌ ግርማ ሻንጣዋን ይዞ ቆሞ ነበር። «ልትሸኚያት ነው ወይስ በር ልታሠሪላት?» አለኝ።

ግርማ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ረዥም ቀልድ ይወዳል፤ እሱ ግን አጭር ነው። ሳምሪ ገና ትምህርት ቤት ሳለች በልጣው ሄዳለች። ያን ዕለትም መስመሩ ከራሱ በላይ መሆኑን ሲያይ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ በር አትገዢም?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ገዝቼ አውቃለሁ። አንዳንዱ ጧፍ ሰም የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። የሱቅ ሻማ ቀልጦ፣ ቢጫ ቀለም ጠጥቶ፣ ከቀፎ የወጣ መስሎ የሚሸጥ ነው። እሱ ደግሞ የሮቢትን ሰኔ አይችልም። መብራት ሲጠፋ ይሆነኛል ብዬ መስኮት ላይ ያስቀመጥሁትን ሻማ ከሰዓት በኋላ ሳየው እንደ ሰካራም ግድግዳ ተደግፎ አገኘዋለሁ። ልጄን የሚያህል ነገር ሰክሮ መልአኩ ፊት እንዲቆም አልፈለግሁም።

ስለዚህ ቤት ልሠራው ወሰንሁ። መጀመሪያ ክር ከሱቅ ገዛሁ። ጥቅልሉ ላይ «ንጹሕ ጥጥ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጫፉን በክብሪት ለኮስሁት። ዐመድ በመሆን ፈንታ ተሸማቀቀና ጥቁር ጠጠር ሆነ፤ ሽታው የተቃጠለ ፌስታል ነው። ባለ ሱቁ ግን «ጥጥ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ፌስታልና ጥጥ ዘመዳሞች መሆናቸውን ከእሱ ተማርሁ።

ከዚያ እትዬ ከበቡሽ ዘንድ ሄድሁ። በሰፈራችን እንዝርት ያልጣሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ለጧፍ ከሆነ ላላ ያለ ፈትል ነው የምትፈልጊ» አሉኝ። «የከረረ ክር ሰም አይጠጣም። ደግሞ ቀጭን ብታደርጊው እሳቱ ሰሙ ውስጥ ይሰጥማል። ወፍራም ብታደርጊው ቤተ ክርስቲያኑን ጥላሸት ታለብሺዋለሽ።»

«እንግዲያው መካከለኛ ይሁንልኝ።»

«አንቺ ደግሞ መካከለኛ የሚባል ነገር መቼ ታውቂያለሽ?» አሉና ፈትሉን ሰጡኝ።

ሰሙን ከአሪፋ ወሰድሁ። ባሏ ከከተማው በታች ካለው ግራር ላይ ቀፎ ይሰቅላል፤ እሷ ማሩንም ሰሙንም ትሸጣለች። ሦስት ድቡልቡል ሰም አቀረበችልኝ። አንዱ ከጠጅ ቤት የመጣ፣ ጥቁርና ጌሾ ጌሾ የሚሸት ነው። «ይኼ ከነደደ ቄሶቻችሁ ይሰክራሉ» ብላ ገፋችው። ሁለተኛው ከነጋዴ የተገዛ፣ ነጭና ጥርት ያለ ነው። እጄን ወደ እሱ ሰደድሁ።

«ፍሬ፣ አንቺ እኮ ነጭ ነገር ካየሽ አለቀ። እስቲ አኝኪው።»

አኘክሁት። ጥርሴ ላይ ተጣበቀ።

«ሞራ ገብቶበታል። ደህና ሰም አፍ ውስጥ ይፈረፈራል እንጂ ጥርስ አይዝም። እንኪ፣ ይኼ የእኛ ነው።»

የእሷ ቢጫ ነው፤ ሲያሸቱት ማሩ ገና የወጣለት አይመስልም። አኘክሁት፣ ተፈረፈረ። ለማንኛውም ብዬ ከሌላው ጎን ቆርሼ ደግሜ አኘክሁት።

«ልታበሪው ነው ወይስ ልትበይው?» አለች።

«እንዲያው ለቤተ ክርስቲያን መሆኑ ቅር አይልሽም?»

«ሚካኢልን እኛም እናውቀዋለን፣ አብሽሪ። ይልቅ ድስትሽን ሽንኩርት ሽንኩርት እንዳይል አጥቢው።»

የበዓሉ ዋዜማ፣ ሳምሪ የምትመጣበት ቀን፣ ፀሐይ ሳይበረታ ጀመርን። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ ቢጥዱት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ውሃ ያለበት ብረት ድስት ላይ ሰፋ ያለ ዕቃ አስቀምጠን አቀለጥነው። አሪፋ ክሩን ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ እየሳብን በሰሙ ውስጥ አሳለፍነው፤ እየቆየን ደጋገምነው። ከዚያ ሰቀልነው፣ አሪፋ ሄደች፣ እኔም ለካሁት። የሆነውን አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ።

ጧፉን እንደያዝሁ ስልኬ ጮኸ። የሳምሪ መልእክት ነው፦ «ካራቆሬ አለፍን። መኪናው ቆሟል። ባትሪዬ እያለቀ ነው። አትጨነቂ።»

«አትጨነቂ» የሚባል ቃል ባይኖር ኖሮ እኔ ጤነኛ ሰው እሆን ነበር። ብደውል አንዲት ልጅ ደንበኛዋን ማግኘት እንደማልችል በጣም በትሕትና ነገረችኝ። ድምጿ የሚያሳስባት ልጅ የሌላት ሰው ድምፅ ነው።

ግርማ ለምሳ መጣ። ጧፉን መቃኑ ላይ ተደግፎ አየው።

«አጥሯል» አለ።

«አይቼዋለሁ!»

«ታዲያ ምን አለበት? ሚካኤል ሜትር ይዞ ነው የሚመጣው?»

«አንተ የምትዘረጋው ቧንቧ ስንዝር ቢያጥር ውሃው ‹ምን አለበት› ብሎ ይዘላል?»

ይህ እሱንም አሳሰበው። «ቀጥይዋ እንግዲህ። ትንሽ ክር ቋጥረሽ ሰም ቀቢው።»

«እሳቱ ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ይጠፋል። ልጄ መንገድ ላይ ናት እያልሁህ መንገድ ላይ የሚጠፋ ጧፍ ላስገባላት?»

«ፍሬ፣ መኪናው ቆመ አለች እንጂ...»

«ለምን ቆመ? እሱን ንገረኝ!»

እሱ ግን ምሳውን በላ። የሰው ሆድ እንዴት እንደተሠራ አላውቅም። እኔ በበኩሌ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ድልድይ አፍርሼ፣ ፍሬን በጥሼ፣ መንገድ ዘግቼ፣ ልጄን ከሦስት ዓይነት አደጋ በእግሯ እያስሮጥሁ ነበር። የጎደለው ስንዝር ከዕድሜዋ የተቆረጠ መስሎ ታየኝ። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልረዳኝም። ነጠላዬን ለብሼ አዲስ ፈትል ፍለጋ ወጣሁ።

እትዬ ከበቡሽ ሳይገመድ መለካቴን ስነግራቸው እንዝርታቸው እስኪቆም ሳቁ። ቀጥሎ ግን የተፈተለ እንደሌላቸው ነገሩኝ። ዛሬ ቢጀምሩም ለነገ አይደርስም።

«አንድ ልቃቂት ግን አለኝ» አሉና ከአልጋቸው ሥር ከሳጥን አወጡ። ነጭ፣ ላላ ያለ፣ ለጧፍ የተፈተለ የሚመስል ነው። ደስ ብሎኝ ያዝሁት።

«ለመግነዜ ያስቀመጥሁት ነው» አሉ።

እንደ ፍም ጣልሁት። ተንከባሎ እግራቸው ሥር ቆመ።

«ምነው? ንጹሕ ጥጥ ነው።»

«እትዬ፣ ልጄ መንገድ ላይ ናት፤ እኔ የመግነዝ ክር ይዤ ልግባ?»

«ውሰጂው፣ እኔ አልቸኩልም።»

ቁጭ ብዬ አሰብሁ። በአንድ በኩል ያጠረ ጧፍ፣ በሌላ በኩል የመግነዝ ክር። እንደ እኔ ያለ ሰው ፊት ሁለት ምርጫ ሲቀርብ አንዱ ደህና እንዲሆን እንኳ አይፈቀድለትም። ስልኬን ሞከርሁ። ትሑቷ ልጅ አሁንም ሥራ ላይ ናት።

«ስሚኝ» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «ለሳምሪ ከሆነ ዕዳውን እሷ ትከፍላለች። ስትመጣ በምትኩ ትፈትልልኛለች።»

«እሷ መፍተል አትችልም እኮ።»

«ታዲያ እስክትማር አልሞትማ።»

ሳምሪን አውቃታለሁ፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። በዚህ ሒሳብ እትዬ ከበቡሽ ሁላችንንም ይቀብራሉ። ልጅቷም ለመማር መድረስ አለባት፤ ያለዚያ ውሉ ይፈርሳል። ከሰማሁት ሁሉ ዋስትና የሚመስለው ይህ ብቻ ነበር። ልቃቂቱን አንሥቼ ወጣሁ።

በዚህኛው መጀመሪያ ገመድሁ፣ ከዚያ ለካሁ፣ ከዚያ ደግሞ ለካሁ፣ ከምልክቱም አሳልፌ ቆረጥሁ። አሪፋ ሌላ ሰም ይዛ መጣች። እንዳየችኝ «ደወለች?» አለች። «የለም» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ ቀልድ አልሞከረችም፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሲጨልም ገና ሰሙን እያሳለፍን ነበር። ስለ ሙቀቱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቢበርድም ያው ነበር። ሳምሪ ከሄደች ወዲህ በሬን በቁልፍ ቆልፌ አላውቅም። ማታ ማታ ገርበብ አድርጌ፣ ከኋላው ትልቁን ሳፋ አቆምበታለሁ፤ ሌባ ቢገፋው እንዲጮህ። ግርማ «ሌባው ገላውን ታጥቦ ይሄዳል» እያለ ይስቃል። እሱ ረስቶታል እንጂ፣ በዚያ ክፉ ዓመት ከአጣዬ ግጭት የሸሹ ሰዎች በሌሊት በራችንን ሲመቱ ቁልፉ አልዞር ብሎኝ ውጭ ብዙ አቁሜአቸዋለሁ። ልጅ ያዘለች ሴት ‹ኧረ ክፈቱ› ስትል እሰማ ነበር። የእኔ ልጅ በዚያው መንገድ ስትመጣ ቁልፍ እንድትጠብቅ አልፈልግም።

ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ግርማ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እማዬ!»

ሳምሪ ናት። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ፣ ፊቷ አቧራ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ። ሮጣ ልታቅፈኝ ስትመጣ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እንዳትነኪኝ! ይታጠፋል!»

ድርቅ ብላ ቆመች።

«አይዞሽ፣ እናትሽ ናፍቀሻት ነው» አለች አሪፋ፤ በእሷ በኩል ያለውን ጫፍም አስያዘቻት። ልጄን ከዓመት በኋላ ያገኘኋት በራሷ ቁመት ርቀት፣ ትኩስ ሰም መሀላችን እየተንጠባጠበ ነው።

«ምን ሆናችሁ?» አልሁ ከወዲህ።

«ጎማ ፈነዳ» አለች ከወዲያ።

«ጎማ?»

«መለወጫውም የፈነዳ ነው። አጣዬ ድረስ ሰው ለምነን መጣን፣ ከዚያ ሌላ መኪና ጠበቅን፣ ከጀውሃ በባጃጅ መጣሁ። እማዬ፣ ስልኬ...»

«በባጃጅ? በጨለማ?»

«ታዲያ ደርሻለሁ እኮ!»

ጎማ። ስንት ነገር አስቤ ጎማን ዘልዬዋለሁ። ግርማ መጥቶ ጫፉን ተቀበለኝ። «ሂጂ እቀፊያት፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለ። ሄድሁ። ቀሚሷ ላይ ሁለት የሰም መዳፍ ተውሁባት፤ እስካሁን አልለቀቀም።

ጧፉ ሲጠነክር ሳምሪን መቃኑ ሥር አቆምናት። ከራሷ አንድ አውራ ጣት ያልፋል።

«ተረፈ» አለች።

«ይትረፍ!»

«ያኛውስ?» አለች ጥግ የቆመውን አይታ። ነገርኋት። አሪፋ ግን አንዴ ያጠረውን ጧፍ፣ አንዴ ግርማን እያየች ቆየችና፣

«አቶ ግርማ፣ እስቲ ኮፍያህን አውልቀህ እዚያ ቁም» አለችው።

«ለምን?»

«ቁም ብያለሁ!»

ቆመ። ጧፉ ከእግሩ እስከ መላጣው ልክክ አለ፤ ፀጉር እንኳ አያስገባም። ሳምሪ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

«እኔን እንኳ ማንም አልተሳለልኝም» አለ ግርማ፣ እንደ ቀልድ።

እንደ ቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ሳስበው፣ ለልጄ ተስያለሁ፣ ለወንድሞቼ ተስያለሁ፣ ታማ ለነበረች ላም ተስያለሁ። ይህ ሰው በየቀኑ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ከሞተርና ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ሲታገል ይውላል፤ እኔ ደግሞ ፍርሃቴን ሁሉ ደሴ ልኬው ነበር።

«ነገ ሁለቱንም ይዘን እንሄዳለን» አልሁት። «የራስህን ራስህ ትሸከማለህ።»

ኮፍያውን መልሶ አላደረገም።

አሪፋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ የተረፈ ሰሟን አንሥታ ወጣች። በሯ ሲዘጋ እስክሰማ ደጃፍ ላይ ቆየሁ።

«ሳፋሽን ላምጣልሽ?» አለ ግርማ ከውስጥ።

«ተወው፣ ሳምሪ እግሯን ትታጠብበት» አልሁ። በሩን ገፍቼ ዘጋሁና ቁልፉን ያዝሁ። እንደ ፈራሁት አልዞር አለ። ጣቴ ላይ የቀረውን ሰም አሸሁበትና እንደገና ሞከርሁ። ዞረ።