ዳገት ላይ አይቆምም

ደባርቅ ውስጥ ሞተር መንዳት የማይችል ሰው ሞልቷል፤ ሞተር ማስተማር የማይችል ግን አይገኝም። ዶክተር ሐመልማል ይህን ያወቀችው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄልሜት አጥልቃ በቆመች ዕለት ነው። ገና ሞተሩን ሳታስነሳ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከበቧት።

"ጉልበትሽን አጥብቂ!" አላት አንዱ።

"ኧረ ላላ አድርጊው! ካጠበቅሽው ይደነብራል" አለ ሌላው።

ሦስተኛው ሁለቱንም ገሠጸና "ተዉአት እስቲ፣ መጀመሪያ ታማትብ" አለ።

አማተበች። በዚያን ቀን ከሰማችው ምክር ሁሉ ሳትወድቅ የፈጸመችው ይህንን ብቻ ነበር።

አሠልጣኟ ደስታው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ጎልማሳ፣ ጢማም፣ ድምፁ ከባጃጁ ጥሩምባ የሚበልጥ። ዳባትና ደባርቅ መካከል ያለውን አስፋልት ሲመላለስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ባጃጅ ባለ ሦስት ጎማ፣ ሞተር ግን ባለ ሁለት መሆኑን ብታስታውሰው "ልዩነቱ አንድ ጎማ ነው፤ አታካብጂው ዶክተር" አላት። ማታ ክንዷንና ጉልበቷን በሞቀ ውኃ ስታሽ፣ ያቺ አንዲት ጎማ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበረች ለማሰብ በቂ ጊዜ አገኘች።

ሞተሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ባሏ አሻግሬ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሳለ ይነዳው ነበር። አሻግሬ ከሞተ ወዲህ በግቢዋ ጥግ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። እሷም እዚያው መሥሪያ ቤት የእንስሳት ሐኪም ስለሆነች ማንም መልሽ አላላትም፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ይታያል አንድ ቀን ድንገት የሕዝብ ሀብት እስኪያንገበግባቸው ድረስ።

አቶ ይታያል ሰው ሊነፍጉ ሲሉ "እርስዎ" ይላሉ።

"ወይዘሮ ሐመልማል፣ እርስዎ የማይነዱት ሞተር እርስዎ ዘንድ መቆሙ ብክነት ነው" አሉ በስብሰባ መካከል። ቤተሰባቸው ዳባት እንደሚኖርና ቅዳሜ ቅዳሜ የአውቶቡስ ግፊያ እንደሰለቻቸው የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ለሕዝብ ሀብት ማሰብ እንዲህ ነው፤ ከቤት ይጀምራል።

"እነዳዋለሁ" አለች ሐመልማል።

ሳቁ። ሌሎቹም ኃላፊያቸው ስለሳቁ ሳቁ።

"እንግዲያውስ የጽድ አምባ በጎች ክትባት ደርሷል። ራስዎ ነድተው ጽድ አምባ ከወጡ ሞተሩ በእጅዎ ይቆያል። ካልወጡ ቁልፉን ለእኔ ያስረክባሉ። ሁላችሁም ሰምታችኋል።"

ሞተሩን ለምን እንደፈለገችው የጠየቃት የለም። ቢጠይቋት ስለ በግ ፈንጣጣ ትመልስ ነበር፤ ስለ በግ ፈንጣጣ ያለ ችግር ረጅም ሰዓት መናገር ትችላለች።

ለመንጃ የሚሆን ጫማ ስላልነበራት የአሻግሬን አወጣች፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ስትጠቀጥቅበት ልክ ሆነ። ሶሉ እንደ ድሮው አልቆ ነበር። ሰውየው በየዓመቱ ጫማ ይጨርስ ነበር። "ባለ ሞተር ነህ እግረኛ?" ስትለው "ዳገቱ ነው" ይላል። ከጽድ አምባ ሲመለስም ያመሽ ነበር፤ ራቱ ቀዝቅዞ ሲጠብቀው የሚያመጣት ምክንያት አንዲት ብቻ ናት፦ "ሰላምታ ያዘኝ።" ሰላምታ አገር ያወቀው ሽፍታ ነው እንዴ፣ መንገድ ላይ ሰው የሚይዝ?

ከብዙ መውደቅ በኋላ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ጋዙን ሳያስበረግጉ መስጠት ገባት። ደስታውም ከሜዳው አውጥቶ ከከተማው በላይ ወዳለው ድንጋያማ የበቅሎ መንገድ ወሰዳት።

"አሁን ስሚኝ" አላት። "ዳገት ላይ አይቆምም። አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ፣ ወደፊት አጎንብሰሽ፣ ዓይንሽን ከጫፉ ሳትነቅይ፣ ወጣሽ ነው! ከቆምሽ ሞተሩ ወደመጣበት ይመለሳል። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

በእርግጥም ገብቷት ነበር። ግማሹን ዳገት እንደ ባለሙያ ወጣችው። ከዚያ ከላይ አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ብቅ አሉ።

በዚህ አገር ሽማግሌ ሲመጣ በቅሎ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ አሳዳጊ የበደለው ብቻ ነው። ሐመልማል ደግሞ ዳባት ውስጥ በወግ ያደገች የቄስ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ሁሉ ከጭንቅላቷ ሳይደርስ እግሯ ከሞተሩ ወርዶ ነበር። ወረደች፣ ዘወር አለች፣ እጅ ነሣች። "እንደምን ዋሉ አባቴ?"

በቅሎ ሲወርዱላት ቆማ ትጠብቃለች። ሞተሩ ይህን ወግ ያስተማረው አልነበረም። እሷ የሽማግሌውን ጤና፣ የልጆቻቸውንና የከብቶቻቸውን ደኅንነት ጠይቃ ሳትጨርስ ወደ ኋላ ተንደርድሮ፣ ዘሎ ባመለጠው በደስታው አጠገብ አልፎ፣ ገብስ ውስጥ ተጋደመ።

"በቅሎሽ ገና አልተገራችም፣ ልጄ" አሏት ሽማግሌው በሐዘኔታ።

ደስታው ከገብሱ ውስጥ ሆኖ ጮኸ። "ለምን ወረድሽ?"

"ሽማግሌ መጡ።"

"እና?"

"እና ምን? ተቀምጬ ልለፋቸው?"

ደስታው ጢሙን አሻሸ። "ባጃጅ ጣሪያ ስላላት ይሆናል፤ እኔ አስቤው አላውቅም" አለ።

በማግሥቱ አቶ ይታያል ቢሮዋ በር ላይ ቆሙ። "ሰማሁ። ሞተሩም አብሮዎት ሰገደ አሉ።" በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። ሰው እንዲህ ሲደሰት ማየት ጥሩ ነው።

የክትባቱ ቀን ደረሰ። አቶ ይታያል መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና ሄደው፣ ከዚያ በቅሎ ተከራይተው፣ "ለመታዘብ" ቀድመው ጽድ አምባ ወጡ። ሐመልማል የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላዋ አስራ ተከተለች። ሜዳውን አለፈች፣ ወንዙን በድንጋዮቹ መካከል ተሻገረች፣ ዳገቱን ጀመረች። ከላይ የኪዳነ ምሕረት ጽዶች ይታያሉ፤ ዓይኗን እነሱ ላይ ተከለች። አንደኛ ማርሽ። ማጎንበስ።

መንገዱ እጅግ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ነጭ በነጭ ሆነው አየቻቸው። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ቄሱን ከፊት አድርገው፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። እንግዳ ሊቀበሉ።

ብትቆም ሞተሩ ቁልቁል ይሄዳል፣ ቁልፉም ወደ ዳባት። ባትቆም በሽማግሌዎች ላይ አቧራ አቡንና ያለፈች ሴት ትሆናለች፤ ለእንዲህ ያለች ሐኪም ደግሞ በጉን ይዞ የሚመጣ የለም። እግሯ ሊወርድ ከጀለ። ጥርሷን ነክሳ ረገጠችው። ለሰላምታ አንገቷን ዝቅ ብታደርግ የፊት ጎማው ድንጋይ መትቶ ዘለለ፤ መሪው ከእጇ ሊያመልጥ ትንሽ ቀረው። በሁለቱ ሰልፎች መካከል እየጮኸች፣ ማለት ሞተሩ እየጮኸ፣ አለፈች።

አቶ ይታያል ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወዲህ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

"ወጡ። ጎበዝ" አሉ ፈገግ ብለው። "ሽማግሌዎቹን ግን እንደ አጥር አለፏቸው። ሕዝብ የናቀ ባለሙያ እንግዲህ..."

ሐመልማል ሞተሩን አጥፍታ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች። ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ ሄልሜቷን አወለቀች፣ ነጠላዋን አጣፋች፤ የወጣችውን ዳገት በእግሯ ቁልቁል ጀመረች። ኮረቱ ከሥሯ ይንሸራተታል፤ ያለቀው ሶል ምንም አይዝም። ስትደርስ እያለከለከች ነበር። እጅ ነሣች፣ መስቀል ተሳለመች።

"ይቅር በሉኝ አባቶቼ። ዳገት ላይ ስለማይቆም ነው።"

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሳቁ። "እሱንማ እናውቃለን! እዚህ ምን አቆማችሁ ብትይን ነው የሚያሳፍረን። አቶ ይታያል ናቸው 'ወርዳችሁ መታጠፊያው ላይ ተቀበሏት፣ ክብር ነው' ብለው የላኩብን።"

"ባለፈችበት ትመለሳለች ብያችሁ አልነበረም?" አሉ ከጎናቸው የቆሙ ሌላ ሽማግሌ። "ሞተሩን አወቅሁት እኮ።"

"አሻግሬ ያስለመደን ነው" አሉ ቄሱ። "ሽው ብሎ ያልፈናል፤ ከላይ ያቆምና በእግሩ ቁልቁል ይመጣል። ሰላም ይለናል፣ አብሮን እንደገና ይወጣል። በመጣ ቁጥር! 'ተው ልጄ፣ ከዚያው ሆነህ እጅህን አንሣ፣ ይበቃናል፣ ጫማህንም ጨረስከው' ብንለው እምቢ አለ። ነፍሱን ይማርና፣ አንቺ ምኑ ነሽ?"

ሐመልማል እግሯን አየች። ከቀኝ ጫማዋ ጫፍ ጨርቁ ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ መለሰችው። ጨርቁ በቀላሉ የሚመለስ ነበር፤ እሷ ግን ቶሎ ቀና አላለችም።

"ሚስቱ ነኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሰላምታ አጭር አልሆነም። እያንዳንዳቸው ጠየቋት፣ እያንዳንዳቸውን ጠየቀች። ዳገቱን አብረው ወጡ፤ ሽማግሌ በሚሄድበት እርምጃ፣ በየመታጠፊያው እየቆሙ።

አቶ ይታያል ከላይ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ስለ ቁልፉ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሽማግሌዎቹ ከበዋት ሲመጡ አዩና ሌላ ነገር አሉ።

"በጣም ቆዩ እኮ።"

"ሰላምታ ያዘኝ" አለች ሐመልማል፣ የክትባቱንም ሳጥን ገመድ መፍታት ጀመረች።