ዝም ያለው ስልክ

አሳምነው ከፎንቆ ከተማ ወጣ ባለች ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው። ልጁ ዕንባቆም የደቡብ አፍሪካን መንገድ ከጀመረ ወዲህ ግን እርሻ ላይ ሆኖም ሐሳቡ ኪሱ ውስጥ ካለው ስልክ አይርቅም ነበር። ስልኩ የዕንባቆም ነው። ሊሄድ ሲል ለእናቱ ለገነቴ አስረከባት። "የሰው ስልክ እየለመንኩም ቢሆን በዚህ አፕ እደውልላችኋለሁ" ብሎ እንዴት እንደሚያነሱት አሳያቸው።

ችግሩ ባትሪው ነበር። ቤታቸው መብራት የለም። አሳምነው በጠዋት ፎንቆ ድረስ ሄዶ ቻርጅ አስደርጎ ይመለሳል፤ ምሳ ሳይደርስ ስልኩ ይዘጋል። ማንም ሳይነካው ይግላል፣ ማንም ሳይነካው ያልቃል። አንድ ቀን ዕንባቆም ከታንዛኒያ ደውሎ፣ "አባ፣ ደላላው ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠን፤ አሁን እኮ..." እንዳለ ስልኩ ድርግም አለ። ገነቴ ልጇ እንደገና ደውሎ ድምፁን እስክትሰማ ድረስ እህል አልቀመሰችም።

"ሆሳዕና ውሰደውና አሠራው" አለችው ባሏን። "እንዲህ እንደሆነ አንድ ቀን ልጄ ሲጠራኝ ሳልሰማው እቀራለሁ።"

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ከሚጠግኑት መካከል ሰው የሚያምናት ሃቢባን ነው። አባቷ ጨርቅ ይነግዱበት በነበረው ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው። ያልተበላሸውን ተበላሸ አትልም። የስልኩን ጀርባ ከፍታ ባትሪውን ለአሳምነው አሳየችው። መሐሉ ተነፍቷል።

"አባቴ፣ ይሄ አልቆለታል። ሊፈነዳባችሁም ይችል ነበር።"

አዲስ ባትሪ ከተተችለት። ከዚያ ሴቲንጉን ከፍታ ቻርጁን ምን እንደሚበላው ተመለከተች።

"ባትሪው ብቻ አይደለም። እናንተ ጋ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ስልኩ ሲፈልግ ነው የሚውለው። ይሄ አፕ ደግሞ ሳትከፍቱትም ከጀርባ ይሠራል። ለመሆኑ ስልኩን ለምንድነው የምትጠቀሙበት?"

"ልጄ ይደውልልናል። ሌላ ሥራ የለውም።"

"ልጅዎ የት ነው ያለው?"

አሳምነው ዙሪያውን አየ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ደላላው ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠንቅቆታል፤ ወሬው ከወጣ ልጁ እንደሚያዝ ነግሮታል።

"አዲስ አበባ" አለ። "ግንባታ ላይ ይሠራል።"

ለሃቢባ ነገሩ ቀላል ሆነ። ከአዲስ አበባ የሚደወል ተራ ጥሪ ኢንተርኔት አይፈልግም። የስክሪኑን ብርሃን ቀነሰች፤ ቻርጅ ቆጣቢውን አበራች፤ አፑንም ራሳቸው ካልከፈቱት በቀር ምንም ነገር እንዳያመጣ አገደችው።

"የማያስፈልገውን ሁሉ ዘግቼዋለሁ። አሁን ሁለት ቀን ይይዝልዎታል። ሲደወል ይጮኻል። ዝም ብላችሁ እየከፈታችሁ አትነካኩት፣ ቻርጅ የሚጨርሰው እሱ ነው።"

አሳምነው መርቋት ወጣ።

እውነትም ስልኩ ያዘ። በማግስቱ ማታ አሳምነው ሲያየው ገና ግማሽ ነበር። ገነቴ ደስ ብሏት የልጇን ፎቶ ለማየት አፑን ልትከፍት ስትል ከእጇ ወሰደባት።

"ተይ፣ አትነካኪው። የሠራችው ልጅ አትንኩት ብላለች።"

"ፊቱን ብቻ ልየው።"

"ሲደውል ታዪዋለሽ።"

ስልኩ ግን አልጮኸም። ገነቴ እንሰት ስትፍቅም፣ ወንዝ ስትወርድም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ጉያዋ ውስጥ ነበር። ቀናት አለፉ። አሳምነው፣ "ጫካ ውስጥ ከሆነ ኔትወርክ ከየት አምጥቶ ይደውላል?" እያለ ያጽናናት ነበር፤ እያደር ግን እሱም ማለቱን ተወው።

"ወይ ስልኩ ተበላሽቷል፣ ወይ ልጄ ሞቷል" አለች በመጨረሻ። "ተነስ እንሂድ።"

ሆሳዕና አብረው ሄዱ። ሃቢባ ስልኩ እንደማይጮኽ ሲነግሯት በራሷ ስልክ ወደ ስልካቸው ደወለች። ጮኸ።

"ይኸው፣ ይሠራል እኮ።"

"የእኛ ልጅ ግን አልደወለም" አለች ገነቴ።

"ታዲያ እናንተ ደውሉለት። አዲስ አበባ አይደል ያለው?"

ገነቴ ወደ ባሏ ዞረች። "አዲስ አበባ ነው ያልካት?"

አሳምነው አንገቱን ደፋ። "መንገድ ላይ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ወደ ደቡብ አፍሪካ። የሚደውለው በአፑ ነው።"

ሃቢባ የያዘችውን ካቻቢቴ አስቀመጠች። "በአፑ?" አለች። ፊቷ ተለወጠ። አፑን ከፈተችው።

ስልኩ መንጫጫት ጀመረ። ያመለጡ ጥሪዎች በቀይ በቀይ ተከታትለው ወረዱ። በመካከላቸው የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። ሃቢባ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ይቅርታ ጠይቃ አስወጣችና በሩን ገርበብ አደረገች። ከዚያ የመጀመሪያውን ነካችው።

"አባ፣ ማላዊ ገብተናል። ስደውል አታነሱም። ደህና ናችሁ?"

ገነቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነበር። ከዚህ በኋላ የምንሄደው በተዘጋ የዕቃ መኪና ነው አሉን፤ ከውጭ ይቆለፋል። ብዙ ነን። የሙዱላው ልጅ፣ ዳኘ፣ እኔ አልገባም፣ ለፖሊስ እጄን ሰጥቼ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ብሏል። አብረን እንሂድ እያለኝ ነው። እኔ እናንተን ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ ልወስን? በሬዎቹን ሸጣችሁ ነው የላካችሁኝ። እባካችሁ አንሱ።"

ከዚያ በኋላ ጥሪዎች ነበሩ፤ ብዙ ጥሪዎች። የመጨረሻው መልእክት በሹክሹክታ ነበር።

"አባ፣ እየጫኑን ነው። ተቆጥታችሁብኝ ነው? ዝም ካላችሁ ሂድ ማለታችሁ ነው ብዬ ገብቻለሁ። ጸልዩልኝ።"

ገነቴ ስልኩን ከሃቢባ እጅ ነጥቃ በሀዲይኛ ጮኸችበት። ሃቢባ ሆሳዕና ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሰማቻት። "አትግባ ልጄ! ውረድ! ና፣ ተመለስ!" ነበር የምትለው። ሃቢባ እያለቀሰች ድምፅዋን ቀድታ ላከችላት። መልእክቱ ሄደ፤ ግን አልደረሰም። ደወሉ፤ አይጠራም። ደግመው ደወሉ፤ አይጠራም።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አለች ሃቢባ።

"እኔ ነኝ የዋሸሁሽ" አለ አሳምነው።

ሃቢባ የዘጋችውን ሁሉ ከፈተች፤ ቻርጁ ቶሎ እንዳያልቅባቸውም የራሷን ፓወር ባንክ ጨምራ ሰጠቻቸው።

በዚያ ሳምንት የደወለው ዳኘ ነበር። ከማላዊ እስር ቤት፣ በሰው ስልክ። አሳምነው ነው ያነሳው። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሾፌሩ እንደቆለፈው ጥሎት ጠፋ አለው። ሲከፈት ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ አልቀው ነበር። ፖሊሶቹ ፎቶ አሳይተውት ዕንባቆምን ለይቷል። እዚያው ቀብረዋቸዋል።

ሬሳ በሌለበት ድንኳን ተተከለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩ። ሃቢባም ከእናቷ ጋር ከሆሳዕና መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ መግባት ፈራች። ገነቴ አይታት ተነሳችና እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። "አንቺ የተነገረሽን ነው የሠራሽው" አለቻት። ይህን ስትል ባሏ ይሰማት ነበር።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ባልና ሚስቱ አንድ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ኖሩ። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ አታናግረውም። አንድ ቀን ግን ጠየቀችው።

"ጥሪውን አንስተኸው ቢሆን ምን ትለው ነበር?"

አሳምነው ተመለስ እለው ነበር ማለት ፈለገ፤ ግን የጎረቤቶቹ የእነ ጠና ቤት አዲስ ቆርቆሮ፣ ልጃቸው ከጆሃንስበርግ የሚልከው ብር፣ ሰው ባዶ እጃቸውን ስለተመለሱት የሚያወራው ሁሉ በዓይኑ ላይ ዞረ።

"አላውቅም" አለ።

ገነቴ ተነሥታ ወጣች።

ክረምቱ ሲወጣ ዳኘ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተመለሰ። ገነቴ ወሬውን እንደሰማች ብቻዋን ሙዱላ ሄደች። ልጁ ከስቶ፣ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ እናቱ ቤት ተቀምጦ ነበር። ስለ ልጇ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲነግራት ለመነችው። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ኋላ ግን ነገራት።

"እጁን ይዤ ጎተትኩት" አላት። "እሱም መምጣት ፈልጎ ነበር። ግን 'ትንሽ ጠብቀኝ፣ አባቴ ሳያነሳ አይቀርም' እያለ ይደውል ነበር። ጠበቅኩት፤ ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም፣ እየደበደቡ ያስገቡን ጀመር። እኔ ሮጥኩ።"

ገነቴ እዚያው አደረችና በማግስቱ ወደ ፎንቆ ተመለሰች። አሳምነው አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። በእነዚያ ወራት እንዴት እንዳረጀ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው።

"አገኘሽው?"

"አገኘሁት።"

"ምን አለሽ?"

ገነቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈች።

"ለመግባት የወሰነው ራሱ ነው አለኝ። ማንንም አልጠበቀም። ብንነግረውም አይሰማንም ነበር።"

አሳምነው አጥሩን ይዞ ቀስ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጁ ከሞተ ጀምሮ ሰው ፊት አላለቀሰም ነበር። ገነቴ ጥላው ልትገባ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች።