የቀማሿ ቃል

ግንበኛው ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ በኃይል ሲያስቀምጠው ቀማሿ ከወንበሯ ብድግ አለች። ረጅም፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት፣ የእንጨት ክዳን ያለው ጠርሙስ ነው። ከአንገቱ ጥቂት ጎድሏል።

«አንቺን አምኜ ነው የተዋረድኩት» አላት፣ ሳይቀመጥ።

ሰውየው የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ትናንት፣ ሙያውን ያስተማሩት የቀድሞ አለቃው ጡረታ ወጥተው ከባልደረቦቹ ጋር ሊጠይቃቸው ሄዶ ነበር። ራይ ውስኪ ነፍሳቸው መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ቀማሿ አወዳድራ መርጣዋለች የተባለውን ይሄን ጠርሙስ ገዝቶ ይዞላቸው ገባ። ሽማግሌው አንዴ ፉት አሉ፣ ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ ከዚያ «የትኛዋ ደንቆሮ ናት የመረጠችልህ?» ብለው ሳቁ። ቤቱ ሁሉ አብሮ ሳቀ።

ቀማሿ ቱግ አለች። በዚህ መጠጥ መደብር አሥራ ስድስት ዓመት ስትቀምስ እንዲህ ያላት ሰው የለም።

«እኔ ይሄን አልመረጥኩም! እንኳን ለሰው ልመርጠው እጄንም አልታጠብበትም!»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። መደብሩ በየዓመቱ ለደንበኞች የሚያድለው የምርጫ ዝርዝር ነው። ከላይ «በቀማሿ የተመሰከረላቸው» ይላል። አንደኛ ላይ የረጅሙ ጠርሙስ ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ፦ «መጀመሪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ። ከተዋጠ በኋላ ናናው አፍ ውስጥ ይቆያል። ከተጠየቀበት ዋጋ በላይ የሚያወጣ።»

ቃሉ የራሷ ነው፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። የጻፈችው ግን ለሌላ ጠርሙስ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ነው የቀመሰችው። ራይ ከስንዴ ዘመድ ከሆነ ጠንካራ እህል የሚወጣ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ ውስኪ ነውና ችኩል ሰው አይለየውም። ሽቶ ሳትቀባ፣ ደረቅ ዳቦ ብቻ በልታ መጣች። ገንዘብ ተቀባይዋ አምስቱን ጠርሙሶች በካኪ ወረቀት ጠቅልላ ቁጥር ለጠፈችባቸው። ቀማሿ እያሸተተች፣ እያጉመጠመጠች፣ ባልዲው ውስጥ እየተፋች፣ ሁለት ጠብታ ውሃ ጨምራ እንደገና እየቀመሰች ጻፈች። ሦስተኛውን «ገና ጥሬ ነው፤ ያረጀ እንዲመስል በተቃጠለ ስኳር የተቀለመ» አለችው። አምስተኛው ላይ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ደግማ ቀመሰች፤ ያን የቁንዶ በርበሬና የናና ቃል የጻፈችው ለእሱ ነው። ወረቀቱ ሲገለጥ ሦስተኛው ረጅሙ ሆኖ ተገኘ፣ ከሁሉም ውድ። አምስተኛው የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ልጣፉ የተንጋደደ፣ ዋጋው የዚያን እኩሌታ የማይሞላ ድንክ ጠርሙስ ነበር።

ቃሏን የማዛወር ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ታላቅ ወንድሟ።

«ይከተሉኝ» አለችው ግንበኛውን።

ወንድሟ መደብሩ መሀል ቆሞ ሦስት የሆቴል ገዢዎችን ያስተናግዳል። ያንኑ ረጅም ጠርሙስ እንደ ሕፃን አቅፎታል።

«ጋሼ! ቃሌን ማን ነው ያዛወረው?»

«ቀማሿ እህቴ ናት» አለ ለእንግዶቹ ፈገግ ብሎ። ወደ እሷ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኋላ እናወራለን።»

«አሁን!»

«ምን ሆነሻል? ያንቺን አምስተኛ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? የዘይት ጠርሙስ ነው የሚመስለው። ሰው በዓይኑ ነው የሚጠጣው። ደግሞስ ማን ይለየዋል ብለሽ ነው?»

«አንድ ሽማግሌ በአንድ ጉንጭ ለዩት! እኔን ደንቆሮ አሰኘኸኝ፣ እኚህን ሰውዬ መሳቂያ አደረግካቸው።»

«ምላስ አለኝ ብለሽ አትንጠራሪብኝ» አለ፣ ፈገግታው ጠፍቶ። «ያንን ምላስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቃሉም የመደብሩ ነው፣ የፈለግኩበት እለጥፈዋለሁ።»

ዓይኗ ጨለመባት። ከመደርደሪያው ሁለት ብርጭቆ መንጭቃ በአንዱ ረጅሙን፣ በሌላው ድንኩን ቀዳችና ፊቱ አስቀመጠች።

«በል ቅመስ። አንተው ለየው።»

እንግዶቹ ከበቧቸው። ወንድሟ እንደ ልማዱ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከስምንት ዓመት በፊት የያዘው ከባድ ትኩሳት ማሽተት ነስቶታል። ይህን የምታውቀው እህቱ ብቻ ናት። ሰው ፊት ሲቀምስ አጠገቡ ትቆማለች፤ ጉሮሮዋን ከጠረገች «ግሩም» ይላል፣ ዝም ካለች «ይቀረዋል» ይላል። አሁንም ጠበቀ። አንደኛውን አሸተተ፣ ዝም አለች። ሁለተኛውን አሸተተ፣ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

«እህሳ?» አለ አንዱ ገዢ።

«ሁለቱም... ሁለቱም ይቀራቸዋል።»

«አይሸተውም!» ብላ ጮኸች። «ስምንት ዓመቱ ነው! ውስኪና ውሃ አይለይም፣ የእኔን ቃል ግን ይቸረችራል!»

የወንድሟ ፊት አመድ መሰለ። ቃሉ ካፏ እንደወጣ ልትመልሰው ወደደች፤ ንዴቷ ግን ገና ደረቷ ውስጥ ይንተከተክ ነበር።

«እውነቷን ነው» አለ በመጨረሻ፣ ብርጭቆውን በቀስታ እያስቀመጠ። «ለእኔ ሁሉም የሚያቃጥል ውሃ ነው።» ደረጃውን ወጥቶ ቢሮው ገባና በሩን ዘጋ።

ገዢዎቹ ሁለቱንም ውስኪ ቀመሱ። ሁለቱ ድንኩን መረጡ። ሦስተኛው «እኔስ ረጅሙ ይሻለኛል፣ ይጣፍጣል» አለ፤ ቀማሿ በእሱም ተናደደች።

«አሁንስ ማንን ልመን?» አላት ግንበኛው።

ሽርጧን ፈታ ድንኩን ጠርሙስ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ወደ ሽማግሌው ቤት አብራው ሄደች። ሽማግሌው ቀመሱ፣ ደገሙ።

«ይሄንንስ ማን መረጠው?»

«ያቺው ደንቆሮ» አለች፣ ሳትስቅ።

ሽማግሌው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ለግንበኛውም ቀዱለት። እሷ ሳትቀመጥ ተሰናብታ ወጣች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። መንገዱን ሙሉ የወንድሟ አመድ የመሰለ ፊት አልለቀቃትም። እየራራችለት ትናደድበት፣ መልሳ ደግሞ በራሷ ትናደድ ነበር።

አሥር ቀን ሳይነጋገሩ ቆዩ። በአሥራ አንደኛው ወንድሟ የታረመውን ዝርዝር ይዞ መቅመሻ ክፍሏ በር ላይ ቆመ። ተቀበለችው፣ ከማስታወሻዋ ጋር ቃል በቃል አመሳከረችው። ልክ ነበር።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«አዎ። አንተም አዋርደኸኛል።»

«ሁለቱ ሆቴሎች ድንኩን አዘዋል። እኔን ግን እንደ በሽተኛ ነው የሚያነጋግሩኝ።»

ዝርዝሩን አጥፋ ማስታወሻዋ ውስጥ ከተተችው። እሱም አልሄደም። አዲስ የመጡ ናሙናዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ነበር፤ አንዱን ብርጭቆ አነሳና ወደ አፍንጫው ሳያስጠጋ ያዘው።

«ይሄ ምን ይሸታል?»

ውጣልኝ ልትለው ነበር። ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ አሸተተች።

«ቅርንፉድ!» አለች፣ የምትሳደብ ያህል ጮኻ። «ቅርንፉድና እርጥብ እንጨት። ምን ታየኛለህ? ጻፈዋ!»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጻፈ።