ባዶዋ ኪስ

"ማሽኑ እስኪሞቅ አምስት ደቂቃ ትታገሡኛላችሁ" አለች ሀይማኖት፣ ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ላሚኔት የምትሠራው።

ምንይሉ አረንጓዴዋን የገንዘብ ኖት በሁለት ጣቱ ይዞ ያገላብጣታል። መምህር ይስማው ላለማየት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ዓይኑ ግን እምቢ አለው።

ከቢቸና ማልዶ የመጣው ለኖቷ ነው። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተው የከሰሩ የግል ባንኮች ያሳተሙትን አሮጌ ገንዘብ ይሰበስባል። ባለቤቱ ወይንእሸት "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ" ትለዋለች። ከአንድ የኡራጓይ ባንክ ስድስት ዓይነት ኖቶች አምስቱን አግኝቷል። ለስድስተኛዋ፣ ለዚች አረንጓዴ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ውጭ አገር ደብዳቤ ጽፏል፤ አልበሙ ውስጥም ባዶ ኪስ አስቀምጦላታል።

ምንይሉስ? ባለ ምግብ ቤት ነው፤ መሰብሰቡን ራሱ ይስማው ካስለመደው ገና ዓመቱ። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ኡራጓያዊ ጥብሱን በልቶ ኖቷን ጉርሻ ብሎ ሰጠው። ጉርሻ! ይስማው ይህን በስልክ የሰማ ዕለት እራት አልበላም። ዛሬ ጠዋት በሦስት የብራዚል ኖት ቀይረኝ ብሎ ለምኖትም እምቢ ተብሏል።

"ላሚኔት ካስደረግኳት ለልጅ ልጅ ትተርፋለች፤ አይደል ጋሼ?"

ይስማው ይዞት የመጣውን አልበም ብብቱ ሥር አጠበቀ። የላሚኔቱ ሙጫ አንዴ ከያዛት የትም አገር ያለ ሰብሳቢ ዞር ብሎ እንደማያያት ያውቃል፤ በጀማሪነቱ አንዷን እንዲሁ ገድሏል። 'ዝም ብል ምን አለበት?' አለ በሆዱ። 'ለእኔም አትሁን፣ ለእሱም አትሁን!'

"ሞቋል፤ አምጣት" አለች ሀይማኖት።

ምንይሉ ኖቷን ላስቲኩ መሃል አጋደመ። ሀይማኖት የላስቲኩን ጫፍ ወደ ማሽኑ አስጠጋች።

"ተይው!" ይስማው ላስቲኩን ከእጇ መነጨቀ። "ላሚኔት ይገድላታል፣ አንተ ደንቆሮ!"

"ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አሉ ጋሼ?" አለ ምንይሉ።

"ቀንቼ ነዋ!"

ይስማው ከሀይማኖት መቀስ ተቀብሎ አልበሙን ገለጠ፤ ባዶዋን ኪስ ከገጹ ቆርጦ አወጣት። ኖቷን በገዛ እጁ ከተታት። ልክክ አለች።

"በዚህ ያዛት" አለ ኪሷን ለምንይሉ ሰጥቶ አልበሙን እየዘጋ፣ "ደግሞ ሁለተኛ እንዳታሳየኝ።"